አንድ ቆርቆሮ ትምባሆ

ከሃል ወደብ ጀርባ፣ ፊንች የሚሉት ጎዳና ነበረ፤
አሁን መኪና ይቆምበታል፣ የስሙ ሰሌዳ እንኳ አልቀረ።
ቤቶቹ ጡብ ለጡብ ተጣብቀው፣ ግድግዳው ከመሳሳቱ
እዚህ ላስነጠሰ ሰው «ይማርህ» ይላል ጎረቤቱ።

ጥግ ላይ የሃርከር ሥጋ ቤት፣ ወለሉ ሰጋቱራ፤
«አውራ ጣቱን አብሮ ይመዝናል» እየተባለ ሲወራ፣
ለመበለት ሲመዝን ግን እጁን ኪሱ ይከት ነበር፤
ይህን በዓይኔ አይቻለሁ፤ ስለዚህ ይግባ ከነገሩ ጋር።
ቀጥሎ የመያዣ አበዳሪው፣ የሚስተር ግሪምዌድ መስኮት፤
የባሎች ሙሉ ልብስ ሰኞ ይገባል፣ ቅዳሜ ይወጣል ለእሑድ ጸሎት።
ሴቶቹ መረብ ይሠሩ ነበር፣ ከጓሮው በር አስረው ገመድ፤
እኛ መርፌውን በሲባጎ እንሞላለን፣ ለአንዲት ሳንቲም፣ በብርድ።

የአባቴ ሱቅ መካከል ላይ፤ አምብሮዝ ፔል፣ ባለ ግራጫ ሽርጥ፤
ሻይ፣ ሻማ፣ የሱፍ ካልሲ፣ የተሰበረ ብስኩት በርካሽ የሚሸጥ።
አራት ረድፍ ቁጥር በዓይኑ ገርፎ ድምሩን የሚናገር፤
እርሳሱ ከጆሮው ጀርባ ለጌጥ እንጂ ለሥራ አልነበር።
ከሥር፣ መሳቢያው ውስጥ የዱቤ ደብተር፤ ሰፈሩ ሁሉ እዚያ ነበረ፤
ማን አረገዘች፣ ማን ሥራ ፈታ፣ በስኳር ልክ እየተቆጠረ።

ወንዶቹ ሃያ አንድ ቀን ባሕር፣ ሦስት ቀን ቤት ናቸው፤
በሦስቱ ቀን ጌቶች፣ ታክሲ በር ላይ ቆሞ እየጠበቃቸው፤
ከዚያ ጎሕ ሳይቀድ ወደ አይስላንድ በረዶ ይመለሳሉ፤
በዚያ ቀን ልብስ አይታጠብም፤ «ባልሽን ውሃው ይወስደዋል» ይላሉ።
እጅም አይወዛወዝ፤ ደኅና ሁን አይባልም ከደጅ፤
በሩ ዝም ብሎ ይዘጋል፣ ወተት ሊገዛ እንደ ወጣ ልጅ።

ዊልፍ ኮታም በመሄጃው ዋዜማ አንድ ቆርቆሮ ትምባሆ ይወስዳል፤
«ጻፈው» ይላል፤ ሲመለስ ከሁሉ አስቀድሞ ይከፍላል።

በጥር ወር መርከቧ ጠፋች። አሥራ ዘጠኝ ሰው።
ሬዲዮው አንዴ ተናገረ፤ ሃርከር መጋረጃውን አወረደ፤ ከዚያ ዝም።

አባቴ ደብተሩን ገልጦ የሙታኑን ገጾች ሰረዘ፤
በየስሙ ከንፈሩ እየተንቀሳቀሰ፣ እጁ እየፈዘዘ።

ዊልፍ ቢመለስ ኖሮ በሚሄድበት ዋዜማ
ተርዛ ኮታም መጣች።
«የዊልፍን ትምባሆ» አለች።
«በስሙ ጻፈው።»
አባቴ የሰረዘውን ገጽ አየ። አዲስ ገለጠ። ጻፈ።

አሥራ አንድ ዓመት፣ በየሃያ አራት ቀኑ።
የራሷን ዕዳ፣ ዳቦውንም ሻዩንም፣ ሳምንት ሳታሳድር ትከፍላለች፤
ትምባሆውን ግን ምንም አትልም፤ ዝም ብላ ትወስዳለች።
እናቴ አንዴ «ሙት ሊከፍልህ ነው?» አለችው።
«ደንበኛዬ ነው» አላት አባቴ።

ኋላ ማዘጋጃ ቤቱ መጣ፤ በየበሩ በኖራ ቁጥር ጻፈ፤
ሰፈሩ ወደ ከተማ ዳር ፎቆች፣ ቤተሰብ በቤተሰብ ረገፈ።
በመጨረሻው ቀን ተርዛ ገባች፤ ቦርሳዋን ባንኮኒው ላይ አኖረች፤
«አምብሮዝ፣ የዊልፍን ሒሳብ አስላልኝ፤ ልክፈል» አለች።
አባቴ ገጾቹን ከላይ እስከ ታች፣ ከታች እስከ ላይ አያቸው፤
እርሳሱን ከጆሮው ጀርባ አወረደ፤ በምላሱ አራሰው፤
ቆየ።
«ማስላት አልችልም» አላት፣
ያ በዓይኑ የሚደምር ሰው።

ከውጭ ጡብ ሲወድቅ ይሰማል።
ቦርሳዋን ዘጋች። «እንግዲያው አንድ ጨምርበት» አለች።
ጨመረበት።

ደብተሩ እኔ ዘንድ ነው። ቆጥሬዋለሁ፤ መቶ ስልሳ ስምንት ቆርቆሮ።
አጨሰችው? ሸጠችው? ከአልጋዋ ሥር ደረደረችው?
ያኔ መጠየቅ ነውር ነበር፤ ዛሬ የሚጠየቅ የለም።

ባንኮኒው የነበረበት ቦታ አሁን ቁጥር ሠላሳ ሁለት ነው።
ባለፈው ዓርብ አንድ ቫን ቆሞበት ነበር፣
ሹፌሩ መስኮቱን ከፍቶ ሲጋራ እየጠቀለለ።
ብዙ ሳልቆም አልቀረሁም መሰለኝ፤
«እናቴ፣ ሰው እየጠበቁ ነው?» አለኝ።