የቀረ ሽቦ

ልጅ ሆኜ፣ እናቴ በተናደደች ቁጥር
«ልብ ግዛ!» ትለኝ ነበር።
ገዛሁ፣ እማ፤
የሰው ልብ፣ ከባሕር ማዶ፣ ከቼናይ ከተማ፤
እድሩ አዋጥቶ፣ የአባቴ መሬት ተሽጦ፣
ያ ለጋሚው ወጥቶ፣ የማላውቀው ሰው ልብ ደረቴ ውስጥ ተቀምጦ።

ስሜም ቀድሞ ያውቅ ነበር።
ምትኩ ያሉኝ ከኔ በፊት ለሞተው ወንድሜ ነው፤
ምትክ ሆኜ መጣሁ፣ በምትክ እኖራለሁ፤
ምትም እዚያው ስሜ ውስጥ ነው፣ ልብ ላለው ሰው።

ቱሉ ዲምቱ፣ ብሎክ ሃያ ሦስት፣ አራተኛ ፎቅ።
ሊፍት የለም።
በየወለሉ ቆሜ ደረቴን ሳዳምጥ
የጎረቤት ልጆች ፌስታሌን ይዘው ይቀድሙኛል።
አዲሱ ልብ ጥሩ ነው። አይለግምም።
ትኩሳቱ የመጣው ከአሮጌው ነው።

ዶክተር ሕሊና ፊልሙን ወደ መስኮቱ አነሳች፤
«ይኸውልህ» አለች።
ከአጥንቱ ሥር፣ ጣት የምታህል ነጭ ክር፤
የድሮ ልቤን በኮረንቲ ሲጎሽም የኖረ ሽቦ ስባሪ።
ሳጥኑን አወጡት፣ ልቡንም አወጡት፤
እሱ ግን ከደም ሥሬ ጋር ሥጋ ሆኖ
ሲጎትቱት ተበጥሶ ቀረ።
የሚቀሰቅሰው ሞቷል፤ ቀስቃሹ አልሰማም።

እንግዳውን ልብ እንዳይገፋብኝ
የደሜን ዘበኛ ጠዋት ማታ በክኒን አስተኛዋለሁ፤
በሩን ክፍት ያገኘ ጀርም ገብቶ
ሽቦው ላይ ሰፈረ፣ ዶሮ ቆጥ ላይ እንደሚሰፍር።
«ማውጣቱ ያሰጋል» አለች። «መተዉም ያሰጋል።»
አስካለ ቦርሳዋን ከፈተች፣ ዘጋች፣ ከፈተች።

እኔ ኤሌክትሪሺያን ነኝ።
ሽቦ ከቱቦ አልወጣ ሲል ምን እንደሚደረግ አውቃለሁ፦
ይቆረጣል። ጫፉ በቴፕ ይጠቀለላል። በጂብሰም ይለሰናል።
ቀለም ይቀባል፤ ባለቤቱ ቁልፉን ይረከባል፤
ማን ያያል?
ስንቱን ግድግዳ እንዲህ ትቼ ሄድኩ፣ ከዚህ እስከ ኮዬ ፈጬ።

ሰኞ አልጋ እይዛለሁ።
መርፌው ስድስት ሳምንት ነው፤ ከዚያ ይታያል።
ዛሬ ማታ መብራት ጠፍቶ
ረዳቴ ጉደታ ጋ ደወልኩ፦
«ብሎክ ሠላሳ አንድ፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ የልጆቹ ክፍል፤
ከመስኮቱ በስተግራ፣ ከወለሉ ክንድ ከስንዝር ላይ ፈልፍል።
የተቀበረ ሽቦ አለ። የሞተ ነው ብዬ ነበር የተውኩት።
እርግጠኛ አይደለሁም።»
ዝም አለ።
«አሁን? በዚህ ጨለማ?»
«ኮረንቲ ሳይመጣ» አልኩት። «ልብ በል።»