ሻዩ ቀጥኗል

ሜፕል የሚሉት ዛፍ በጥቅምት ሲነድ፣
ቢጫው ከቀዩ ጋር ሲሸፍነው መንገድ፣
ጎብኚው ካሜራውን አንሥቶ ሲያደንቅ፣
እኔ ሰማይ አያለሁ፣ ዝናብ መቼ እንደሚወድቅ።

የመንገድ መጥረጊያ መኪና ነው የምነዳው፣
ብሩሹ የሳሳ፣ ሲነሣ የሚያስለው።
በዊስኮንሲን ጥግ ላለች ትንሽ ከተማ እሱ አንድ፣ እኔም አንድ፤
ቅጠሉ ግን የትየለሌ፣ ከሐይቁ እስከ ባቡሩ መንገድ።

በየጥጉ ያለው የብረት ፍርግርግ፣
ሰዉ ይመስለዋል የሚያጣራ በወግ፤
ወንፊትም የለው፣ ማጣሪያም አያውቅ፣
አንድ ጉሮሮ ነው፣ ወንዝ የሚዘልቅ።
ቅጠሉ ጥጉ ላይ ሌሊት ዝናብ ሲያገኘው፣
እንደ ሻይ ይፈላል፤ ወንዙ ነው የሚጠጣው፤
የጎማ ብናኝ፣ የሞተር ዘይት፣ የውሻው ነገር ጭምር፣
ያለ ስኳር።

በሐምሌ ይገባናል ምን እንዳጠጣነው፤
ሐይቁን አረንጓዴ፣ ገምቶ ስናገኘው፣
«መዋኘት ክልክል ነው» የሚል ሰሌዳ ቆሞ፣
አሣው ሆዱን ሰጥቶ ለፀሐይ ተጋድሞ።

ማክሰኞ ማታ ነው ምክር ቤቱ ሲሰበሰብ፣
«ማጣሪያ እንገንባ» ተብሎ ወጪው ሲነበብ፣
የሊቀ መንበሩ መነጽር ወረደ ካፍንጫው፤
ካዝናው ቢራገፍ እንኳ ለሲሶው አይበቃው።
ቨርና ሊንድክቪስት ተነሣች ከኋላ፣
«ዝናብን መቅደም ነው፤ የለንም ሌላ መላ።
ሊመጣ ሲል ለሰው በስልክ እንነግራለን፣
እሱ ደጁን ይጥረግ፣ እኛ እናነሣለን።»

ልጆች በየፍርግርጉ አሣ ሣሉ በነጭ ቀለም፤
የአንዱ አሣ ሦስት ዓይን አለው፣ ማንም አላረመም።
ፓ ኩ ቫንግ የጣሪያዋን አሸንዳ ጠመዘዘች፣
መንገድ ይወርድ የነበረውን ለጓሮዋ አበባ አጠጣች።

«ወንዝ የሚያህል ነገር በእኔ ቅጠል ይሞታል?»
ኦርቪን ትሬልስታድ ነው፤ በሩን ገርበብ አድርጎታል።
ቨርና አልተከራከረችም። ከደጁ ላይ ዘግና፣
ቅጠሉን በጠርሙስ ከውሃ ጋር ከድና፣
ደረጃው ላይ ትታለት ሄደች።

ሦስት ቀን ቆይቶ ጠርሙሱ ጠቆረ፤
ሳልፍ አየሁት፣ መስኮቱ ዳር ተቀምጦ ነበረ፣
ከጎኑ የሟች ሚስቱ ቢጫ የዋና ቆብ፣
ሐይቁ ንጹሕ ሳለ በየማለዳው የሚረጥብ።

ትናንት ከምሽቱ አምስት ሰዓት ስልኩ ጮኸ በየቤቱ፤
ግማሹ ዞሮ ተኛ፤ ግማሹ ወጣ በካፖርቱ።
ኦርቪን ግንባሩ ላይ ባትሪ አስሮ፣ ጎንበስ ብሎ፣
የራሱን ጨርሶ፣ ሰው የሌለበትን ቤት ደጅ ይጠርጋል ቸኩሎ።
ሰላም አላለኝም፤ መጥረጊያውን ሲያነሣ ብቻ አየሁ፤
የመጀመሪያው ጠብታ መስታወቴን ሲመታው፣ ብሩሼን አወረድሁ።
ግማሹን ቀደምን። ግማሹን ተቀደምን።

ጠዋት ወንዙ ዳር፣ ከቱቦው አፍ፣ ቨርና ጠርሙስ ነከረች፤
ለብርሃን አንሥታ አንድ ዓይኗን ጨፈነች።
ቡናማ ነው ገና። ቅጠልም አለበት፣ አንድ ሁለት።
ዝም ብላ ቆየች።
«ቀጥኗል» አለች።