ፕሪማ

ስፖንጁን ስፈታ ከፊያቱ ወንበር፣
ከሽቦው መካከል፣ ከአቧራው ጋር
አንዲት ሸክላ ወጣች።
ሽፋኑ ላይ ልጅት፣ ደረጃ ላይ አለች፤
አንድ ጫማ አጥልቃ፣ አንዱን በእጇ ይዛ፣
መውጣት ይሁን መግባት አይለይም አያያዟ።

ጋሽ አዛናው መጣ እጁን በጋዝ ታጥቦ፤
ፊደሉን የቆጠረው ከዘይት ቆርቆሮ፣ ከቡሎን ሳጥን ነው፣
ስሟን በጣቱ ሄደበት፦ ማር-ዚ-ያ ቤር-ቶ-ኪ።
ከስሟ በታች አንዲት ቃል፦ ፕሪማ።
ሳቀ።
«ይቺማ ማርሽ ናት! አንደኛ ማርሽ።
ልጅቷ ገና መነሳቷ ነው።»

ማጫወቻ ነበረን፣ በዕዳ የተያዘ፤
ባለቤቱ መምህር ተመልሶ ያልወሰደው።
የት ሄደ ተብሎ በዚያ ዓመት አይጠየቅም።
ከጭነት መኪና ባትሪ ሁለት ሽቦ ስበን
የጋራዡን ቆርቆሮ በር ከውስጥ ቀረቀርን።

ሰዓት እላፊ ነው። ፒያሳ ጨልሟል።
የፋሲል ግንብ እንኳ ከሌሊቱ ጋር ተቀላቅሏል።
ሦስት ነን፦ እሱና እኔ፣
ደግሞም እንጉዳይ፣ ፉርኔሎ ልታሠራ መጥታ
እላፊው የያዛት፤
የሁመራ ሹፌር ሚስት፣
ሰሊጥ ሊጭን በመስከረም የወጣባት።

«አሞሬ» ትላለች ሸክላይቱ፣ ደግማ ደጋግማ።
«ምን ማለት ነው?» አለች እንጉዳይ።
የጋሽ አዛናው ጣሊያንኛ ከመኪና ሆድ ወጥቶ አያውቅም፤
ቆቡን ወደ ኋላ ገፋ።
«አሞሬማ… የአሞርዛቶሪ ግማሹ ነው።
ጎድጓዳው ሲመጣ፣ የላዩ እንዳይሰበር
ከስር ሆና የምትቀበል።»
እንጉዳይ ዝም አለች። የገባት ሰው ዝምታ ነበር።

ቀጣዩ ዘፈን ፈጠነ።
«ፍሬን የለኝም ነው የምትል፤ ቁልቁለት ላይ ናት፣ ምስኪን።»
ሦስተኛው ላይ «ኩኦሬ» አለች፤ ድምጿ ተሰነጠቀ።
ጋሽ አዛናው አንገቱን ነቀነቀ።
«ይሄን አላውቀውም። ከመለዋወጫው ዝርዝር የለም።»

አራተኛው ላይ «ዶማኒ» አለች።
ይቺን ያውቃታል።
አባቱ ሊማሊሞ ላይ ለጣሊያን ድንጋይ ሲፈልጥ
ደሞዝ በጠየቀ ቁጥር የሚከፈለው ቃል ነበር፦
ነገ።
ይህን ብሎ ሳይጨርስ መርፌው ጭረት ላይ ወደቀ፦
ዶማ
ዶማ
ዶማ
ተያየን።
ከተማው ዝም ባለበት፣ ዶማው ብቻውን ይቆፍራል፣
ማን ሊቀበር? አላልንም፤ ግን ሁላችን ሰማነው።
ተነስቶ መርፌውን የሚነካ ጠፋ፣
ሁለት ወንዶች ነበርን።

እንጉዳይ ተነሳች፤
ናፍጣ በሸተተ አውራ ጣቷ
መርፌውን ገፋ አደረገችው፣ በቀስታ።
«…ኒ» አለ ሸክላው።
ነገ ሞላ።

ከዚያ ወዲያ ሐሙስ ሐሙስ መጣች፤
አራተኛውን ብቻ ትሰማለች፣
ቦታው ሲደርስ በጣቷ ታሻግረዋለች፣ ትሄዳለች።
በግንቦት ባሏ ተመለሰ፣
ያለ መኪናው፣ ያለ ሁለት ጥርሱ፤
እንጉዳይም ቀረች።
ደስ አለን። ትንሽ ደግሞ ቅር አለን።

ጋራዡ ዛሬ የኔ ነው።
ሁለተኛውን አልበሟን ስንቱን መንገደኛ ጠየቅሁ፤
ከአስመራ የመጣ፣ ከካርቱም የመጣ፣
ማርዚያ የሚባል ስም የሰማ የለም።
ሰኮንዳ ሳታስገባ ቀረች ይሆን?
ወይስ አስገብታ፣ ድምፁ አቀበቱን አልወጣ አለ?

ጭነት ሞልቼ ወደ ደባርቅ ማዶ ስሻገር፣
ሊማሊሞ ላይ መኪናው ሲያቃስት፣ ገደሉ በግራዬ፣
ማርሹን ወደ ፕሪማ እመልሰዋለሁ፣
ይጮኻል፣ አይሮጥም፣ ግን ይሄዳል።
ከኋላ ያሉት ጡሩምባ ይነፋሉ። ይንፉ።

ሽፋኗን ከካቻቢቴዎቹ በላይ ሰቅያታለሁ።
የጋሽ አዛናው የአውራ ጣት ቅባት ከባዶ እግሯ ስር ደርቋል፣
አንድ ደረጃ የጨመረላት ይመስላል።