ከኋላዋ ሦስተኛ ረድፍ

ማክሰኞ ከሰዓት ነው፣ በሃል ከተማ፣
ለጡረተኛ በግማሽ ዋጋ የሚያሳየው ሲኒማ፤
ከሃምበር ወንዝ የተነሣ ንፋስ ኮታችንን እየገፈፈ
አሥራ አንድ ሰው ገባን፤ መብራት ሳይጠፋ ግማሹ አንቀላፍቶ አረፈ።

ግድግዳው ላይ ሁለት ፊቶች፦ ማሪት ሃልድን፣ ዴክላን ፎይ።
እነዚህ ሁለቱ ተጣምረው ፊልም ይከሽፋል ወይ?
ብዬ ነበር የመጣሁት። እሷ እንኳን ተናግራ፣
ኮቷን ስትቆልፍ ብቻ ታስለቅሳለች፤ እሱም ጀርባውን ሰጥቶ ሲሠራ
ፊት ያለው ተዋናይ ያፍራል።

የመድኃኒት ፋብሪካ፣ የተፋቀ ቁጥር፣ የሞቱ ሕፃናት በአኃዝ፣
አንዲት የሒሳብ ሠራተኛ፣ አንድ ፋይል፣ ከዚያ መሸሽ፣ ከዚያ መያዝ።
እሺ። ግን ያን ሁሉ ዶፍ ማን አዘነበው?
የምድር ቤቱ መኪና ማቆሚያ እንኳ ያፈሳል፤ ጣራውን ማን በሳው?
ጥቁር መኪና ይከተላታል፣ ጥቁር መነጽር፣ ጥቁር ጓንት፣
ክፉው ማን እንደሆነ እንዳንስት።
ሙዚቃው ጆሯችንን ይዞ ይጎትታል፤
«አሁን ፍሩ! አሁን እዘኑ!» ይላል።
ሥራ አስኪያጁ ክፋቱን ቆሞ ይተርካል፣ ይደነፋል፤
እኔ የማውቀው አለቃ ግን ክፉ ሲሠራ «ኬክ ውሰድ» ይላል፣
ድምፁ ይለሰልሳል።

ዴክላን ፎይን ጠበቃ አድርገውታል፤
ያን የሚያህል ሰው በር እየበረገደ «ጊዜ የለንም!» ይላል።
ቆጠርኩ፤ አምስት ጊዜ።
የጦር ፈረስ ገዝቶ ጤፍ እንደማስወቃት።

አንድ ቦታ ብቻ፣ ሦስት ሰከንድ፦
ማሪት ፋይሉን ደብቃ ሊፍት ውስጥ ናት፣ ብቻዋን፤
ከኪሷ የምሳ ደረሰኝ አውጥታ ታጥፈዋለች፣
ጠርዙን በጥፍሯ ትጫነዋለች፣
ትዘረጋዋለች፣ ዋጋውን ታነበዋለች፣
እንደገና ታጥፈዋለች።
ትንፋሼ ቆመ።
ከዚያ ሄሊኮፕተር መጣ።

ያኔ ነው ከፊቴ፣ ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣ አንድ ራስ የተነቀነቀ፤
ሽበቱን ሳይሆን የአንገቱን ዘንበል ማለት ዓይኔ ቀስ ብሎ ዐወቀ።
ጉዌን ስታቨሊ።

ከሠላሳ ዓመት በፊት፣ የቀለም ፋብሪካው ሒሳብ ክፍል
አብረን ነበርን፤ እሷ በመስኮቱ፣ እኔ በመደርደሪያው በኩል።
ሌሊት ሌሊት ወንዝ የሚገባውን ዝቃጭ በርሜል በርሜሉን ቆጥራ
ወረቀቱን በዳቦ ላስቲክ ጠቅልላ ወጣች፣ አውቶቡስ ተሳፍራ።
ማንም አላሳደዳትም። መብራቱን ያጠፋ መኪና አልቆመም ደጇ።
ስልኳም አልጮኸ፤ ጭንቁ እሱ ነበር፤ መደወል ተወ ወዳጇ።
ስኳር ሲዞር እሷ ጋ ሳይደርስ ያልቃል፤
ምሳ ወረፋ ላይ ከኋላዋ ያለው ሰው የረሳው ዕቃ ትዝ ይለዋል፣
ይመለሳል።
አሥራ አንድ ወር እንዲህ ሆነ። ከዚያ ደብዳቤ፣
ሁለት መስመር፣ ፊርማው የማይነበብ።

ዓርብ ቀን ነበር፣ ምግቡ ዓሣ።
ትሪዬን ይዤ ዞር ስል ፊት ለፊቷ ያለው ወንበር ባዶ ነው።
አየችኝ።
ትሪዬን ወደ መስኮቱ ወሰድኩት፣ ቀስ ብዬ፣
አንዲት አተር እንኳ አልወደቀችም።

ይህን ለማሳየት ስንት ብር ይፈጃል? አንድ ትሪ፣ አንድ ወንበር።
ዴክላን ፎይ እኔን ሆኖ ቢሠራ፣ አገር ምድሩ ይጠላኝ ነበር።
ግን ፊልሙ ውስጥ የለሁም። ክፉዎቹ ሁሉ ጓንት አጥልቀዋል።
ለዚህ ይሆናል የጠላሁት፤ ወይም ለዚሁ
አንድ ነገር ደረቴ ውስጥ ቀለል ያለኝ፣ እንጃ።

ፍርድ ቤቱ ቆሞ ለማሪት አጨበጨበላት፤ መብራት በራ።
ጉዌን ጎንበስ ብላ ከወንበሩ ሥር የወደቀ ሻርፗን ፈለገች፣
አገኘችው፣ አራገፈችው፣ በእኔ በኩል አለፈች።
«ረዘመ፣ አይደል?» አለችኝ።
ዐውቃኝ ይሁን፣ ለማንም የሚባል ይሁን፣ ፊቷ አልነገረኝም።
«ረዘመ» አልኩ።

አውቶቡሷ እስኪሄድ ተቀመጥኩ፣ የሚወጣውን ስም እያነበብኩ፤
የሾፌሩ ስም አለ፣ የጓንት ሰፊዋ አለ።
ዝናቡን ያዘነቡት አራት ሰዎች ናቸው፤
አራቱም ተጽፈዋል።