አራተኛ ስም

ፋሃሂል፣ መታወቂያ ቢሮ፣ መስኮት ቁጥር ዘጠኝ።
ጸሐፊው ቀና ሳይል ስሜን በጣቱ ቆጠረ፤
ሲፈን፣ ተረፈ፣ ያዕቆብ —
ያዕቆብ ላይ ደርሶ ቀረ።
«አራተኛውስ?»
ቅጹ ላይ አንዲት ባዶ ቤት፤
ከኋላዬ የሰልፉ ሳል፣ የሰልፉ ትዕግሥት።

በኛ አገር ስም ሦስት ላይ ያበቃል፤
አራተኛው እንደ ወተት ጥርስ
ሳያመን ይወልቃል፣
ጣራ ላይ እንኳ የሚወረውረው የለም።
አፌ ግን ቀደመኝ፤ «ኒልስ» አልኩት።
«ምን?»
«ኒልስ።»
ከቀኝ ወደ ግራ ጻፈው፣ ማኅተሙን መታ፤
ወጣሁ ወደ ወላፈኑ፣ ወደ ባሕሩ ሽታ።

ስለ ኒልስ የማውቀው አናጢ መሆኑን ነው፤
ከስዊድን መጥቶ ነቀምት መቀበሩን፤
ሲናደድ ለሰው ሳይሆን ለጣውላው
በቋንቋው መናገሩን።
የቀረው የልቅሶ ቤት ወሬ ነው፤
አጎቴ ዋቅጅራ «የመኳንንት ዘር ነው» ይላል፣
አክስቴ ድንቂቱ «ሰው ገድሎ ሸሽቶ እንጂ
እዚህ ድረስ ማን ይመጣል?»

ወንድሜ የብስኩቱን ጣሳ ከፍቶ
ፎቶ በፎቶ ላከልኝ፤
እማ ሙዲ በእንቅልፏ ስትቃዥ፣
የማጣሪያው እሳት መጋረጃውን ሲያቀላ።
የመጽሐፍ ቅዱስ ሽፋን፣ ውስጡ የልደት ቀኖች፤
ምስጥ የበላው ደረሰኝ፦ ሁለት በር፣ አንድ የሬሳ ሣጥን፤
የአንድ ደብር ስም፣ አናታቸው ላይ
ሁለት ነጥብ የተሸከሙ ፊደሎች።

ለደብሩ ጻፍኩ። በስልኬ አስተርጉሜ፣
«እባካችሁ» የሚለውን አራት ጊዜ ደግሜ።
ከሁለት ወር በኋላ አንዲት ሴት ገጾቹን ላከችልኝ።
ዐርብ ከሰዓት ኮያ ፎቶ ኮፒ ቤት አሳተምኳቸው፤
ኮያ ገንዘቤን አልተቀበለም፣
«የአያት ነገር ነው» ብሎ።

እዚያ አገር ቄሱ በየዓመቱ ቤት ለቤት ዞሮ
ማን ማንበብ እንደሚችል ይመዘግብ ነበር።
ኒልስ፤ ንባብ፦ ደካማ።
ኒልስ፤ ሥራ፦ አንዲት አጭር ቃል፤
ስልኬ ላይ ጻፍኳት፣ «ሎሌ» አለኝ።
ሎሌ።
የሰው ላም አላቢ፣ የሰው ጭድ ተሸካሚ።
እኔ አንቀጽ ሃያ ነኝ፣ ቪዛዬ ላይ ተጽፏል፤
የሰው ቤት፣ የሰው ምጣድ፣ የሰው እናት።
ሳቄ መጣ። አጎቴ ዋቅጅራን አሰብኩት።

ሙሉ ስሙ ኒልስ ፔርሾን፤
«ሾን» ልጅ ማለት ነው አሉኝ። የፔር ልጅ።
እኅቱ ከሱ በታች፣ የፔር ሴት ልጅ።
ፔር ራሱ የዮናስ ልጅ።
ዮናስ! ነቀምት አጥራችንን የሚጋራው ጎረቤት ስም።
ለካ እነሱም አባት ጠርተው የሚያልፉ ኖረዋል፤
ጸሐፊው የፈለገው የዘር ስም
ከመጀመሪያውም አልነበረ።
ፔር ምንዥላቴ ነው? ዮናስ ቅንዥላቴ?
መቁጠሩን ማን አስተምሮኝ።

እማ ሙዲን በትራስ አስደግፌ አሳየኋት።
አባቷ ዕንቁ ጠላቂ ነበር።
«እሱም መዝገብ ውስጥ አለ» አለች፤
«የናኾዳው ደብተር ላይ። ስሙና ዕዳው፣ ሌላ የለም።
ሲሞት ስሙን ሰረዙት፤
ዕዳውን ለወንድሜ አዞሩት።»
ከዚያ ውሃ ጠየቀችኝ።

የመጨረሻው ገጽ፣ ከኒልስ ጎን፣ «ወደ አፍሪካ» ይላል፤
ከዚያ ለዓመታት ባዶ።
ከዚያ ስሙ ከዚህ ወጥቶ ሌላ መዝገብ ገባ፤
ሴትየዋ በትሕትና ተረጎመችልኝ፦
«የሌሉ ሰዎች መዝገብ።»
የሌለ ሆኖ ነቀምት በር ይገጥም ነበር፤
የሌለ ሆኖ ያዕቆብን ወለደ፤
የሌለ ሆኖ በጣውላ ተናደደ።
ቀበሌ፣ በእናቴ የቤተሰብ ቅጽ ላይ፣
ከኔ ስም አጠገብ «ውጭ» ተብሎ ተጽፏል።
በእርሳስ።

መታወቂያው ወጣ። «ኒልስ» «ናይሊስ» ሆኗል።
ለማስተካከል አምስት ዲናር፣ ግማሽ ቀን ሰልፍ፤
ተውኩት።
ለሴትየዋ ግን አንድ መስመር ላክሁ፦
ኒልስ፣ የፔር ልጅ፣ አለ።
መዝገቡ ይታረምልኝ፤
ከተቻለ፣ በቀለም።