ዳሩን ለኔ

ጉም ከጦሳ ወርዶ መስኮቱን ሲልሰው፣
ሊጥ እያሸሁ ነው፤ እርሾ አለ፣ የለም ጨው።
የነርስ ዘሃራ ወረቀት ፍሪጁ ላይ ተለጥፏል፤
«ቲማቲም በስሱ፣ አይብ በጣት ጫፍ፣ ቋሊማ ክልክል» ይላል።
ኩላሊቱ ማጣራት ቢደክመው፣
ከሰኞ ገበያ ጀምሮ እኔ ነኝ የማጣራው።

የፈረንጅ ቃሪያውን ከሰል ላይ ጠብሼ፣
የጠቆረ ልጡን በጣቴ ገፍፌ፣
ነጭ ሽንኩርት ወቅጬ፣ በዘይት ለውሼ፣
በቲማቲሙ ፈንታ ቀባሁት አሳርፌ።

አባዬ ሶፋው ላይ ነው፤ ክንዱ በፋሻ ታስሯል፤
ዛሬ የማሽን ቀን ነበር፣ አራት ሰዓት ተኝቶ ውሏል።

ያኔ ኤንትሬውን ሲነዳ፣ ከኮምቦልቻ ሲመለስ፣
ፒዛ ያመጣልኝ ነበር፣ ካርቶኑ በዘይት ሲርስ፤
ሐረጎ ዳገት ላይ በርዶ ይደርሳል፤
ማን ሊያሞቀው ይጠብቃል!
መሃል መሃሉን በልቼ ጠርዙን እተውለት ነበር።
«ዳሩን ለኔ» ይላል።
ዳር የሚወድ ሰው ይመስለኝ ነበር።

አወጣሁት።
ቆጥቤ የጣልኩት አይብ መሃሉ ላይ ብቻ ነው፣
እንደ ደሴ የክረምት ፀሐይ፣ አንዴ ብልጭ እንደሚለው።
አኘከ። ዝም አለ።
ብርጭቆው ላይ ያሰመርኩትን የውሃ ልክ አየ።
«አብሽሪ ጦይባ» አለኝ፣
«ቂጣ ነው። ግን ቃሪያ የገባው ቂጣ።»

ከዚያ ቢላዋውን አነሳና፣ ሳያስበው፣ በልማድ፣
መሃሉን ወደኔ ገፋ፣
ዳር ዳሩን ለራሱ ሰበሰበ።

«ዛሬስ ዳሩ የኔ ነው።»
ሳህኑን አዞርኩት።
አዞረው።
አዞርኩት።
ፒዛው በረደ፣
ልክ እንደ ሐረጎው ጊዜ።