ከዚያስ?

እሑድ፣ ማክሰኞ፣ ሐሙስ፣ ስሟ አደራ በሚመስል ከተማ፣ በሐደራ፣
ደማችን በቱቦ ወጥቶ ታጥቦ እስኪገባ በየተራ፣
አራት ሰዓት አያልቅም፤ በተረት እንገፋዋለን።
ዕብራይስጡን ሦስታችንም እኩል እንሰብረዋለን።

ጀማል የጉድጓዱን አወራ፣ በልጅነቱ የወደቀበትን፣
ከታች ሆኖ በቀን ኮከብ አየሁ ብሎ የማለበትን።
ሪማ የባቡሩን፤ በበረዶ ሌሊት
ስሙን ያልነገራት ሰው አንዱን ጓንቱን የሰጣት።
ያልገባኝን ቃል ዘለልኩት፤
ብርዱ ግን ጣቴ ላይ ደረሰ።

የእኔ ተራ። «ተረት ተረት» አልኩ።
ካስተማርኳቸው ወር ቢሆንም ሪማ ዛሬም «የላም ብረት» አለች።
«አንዲት ሴት ነበረች፣ ስድስት ልጅ የዳረች፣
ለሁሉ ስትቆርስ የራሷን የረሳች።
አንድ ቀን የጆሮዋን ወርቅ ሸጠች፤
ባለ ሦስት ጎማ ብስክሌት፣ ቀይ፣ ልትገዛ ወጣች።»

«ከዚያስ?» አለ ጀማል። ሪማም «ከዚያስ?»
ከዚያማ እኔም አላውቅ። ጆሮዬን ዳሰስኩ፤ ወርቁ አለ።

«ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ...» ብዬ ተውኩት፤
እዚህ ውሃም በልክ ነው።
ጀማል ከድርሻው አንዲት የበረዶ ስባሪ በማንኪያ አቀበለኝ።
«እሑድ ጨርሺልን» አለ፤ «ግን እየነዳሽ ነይ።»